እግር ውኃውን ሲነካ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ተወስዶ ለንባብ እንዲመች የተዘጋጀ)

 

የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው ለዝግጅታችን ከደረሰ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችልን እህት ስሟም ሆነ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት እንዲጠራ አልፈለገችም፤ እኛም አንጠራም። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ሲሚንቶ መጣ። ወረቀቱ 200 ኩንታል ይላል። እሷ ቆማ ስታስቆጥር ወደ መጋዘኑ የገባው 140 ነው። አለቃዋ ጠርቶ፣ «በ200 ሞዴል 19 ቁረጪና ፈርሚ፤ ሌላው ሁሉ ፈርሟል፤ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው» አላት። አንድ የሥራ ባልደረባዋም ጠጋ ብሎ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ክርስቲያን?» አላት።

እናቷ የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ይገዛላቸዋል። ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ነው። ታናሽ እህቷ ገና አሥረኛ ክፍል ናት። የቤት ኪራዩም፣ አስቤዛውም በእሷ ደመወዝ ላይ ነው የቆመው። ደብዳቤዋን እንዲህ ብላ ትጨርሳለች፦ «እባካችሁ ጸልዩልኝ። ግን ምን ብላችሁ እንደምትጸልዩልኝ አላውቅም። ፈርሜ እግዚአብሔር ይቅር እንዲለኝ ነው ወይስ ሳልፈርም ሥራዬን እንዲጠብቅልኝ ነው የምጸልየው? እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል።»

ይህን ደብዳቤ ሳነብ እውነቱን ልናገርና ዝም አልኩ። ምክንያቱም መልሱን ለማወቅ ስብከት አያስፈልጋትም። መልሱን ታውቀዋለች። የቸገራት መልሱን ማወቁ ሳይሆን መልሱ የሚወስዳት ቦታ ነው። አንተስ ወንድሜ? አንቺስ እህቴ? ብዙ ጊዜ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ ፈልጉልኝ» እንላለን እንጂ ፈቃዱ ጠፍቶን አይደለም። ፈቃዱ ከለመድነው ስፍራ አውጥቶ ወደማናውቀው ስለሚወስደን ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን ወደ ኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት እንሂድ።

የእስራኤል ሕዝብ ከሰጢም ተነሥቶ ዮርዳኖስ ዳር ደርሷል። ማዶ ተስፋይቱ ምድር ናት፤ መሐል ወንዙ አለ። ጊዜው የመከር ወራት ነበር። የእኛ አገር ወንዝ በክረምት እንደሚሞላው ሁሉ ዮርዳኖስም በዚያን ወቅት ከሰሜን፣ ከአርሞንዔም ተራራ በሚቀልጠው በረዶ ሞልቶ ዳርቻውን ሁሉ ያጥለቀልቃል። እግዚአብሔር ውኃው ጎድሎ ሕፃን በሚሻገርበት በበጋ ሊያመጣቸው ይችል ነበር። እሱ ግን በሙላቱ ጊዜ አመጣቸው። ይህም አልበቃ ብሎ እዚያው ዳር ሦስት ቀን አሰነበታቸው!

ሦስቱን ቀን አስቡት። አባት ልጁን አቅፎ፣ እናት ሕፃን አዝላ፣ ከብቱ እየጮኸ፣ የወንዙን ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ እየሰሙ። እንቅልፍ የሚወስድ ይመስላችኋል? ያቺ እህታችን እስከ ሰኞ ያለችበት ሁኔታ ይኸው ነው። ከውሳኔው ይልቅ የሚያደክመው ወንዙን እያዩ ማደሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን አለቆቹ በሰፈሩ መካከል አልፈው ትእዛዝ ሰጡ። ታቦቱን ተሸክመው ካህናት ሲሄዱ ስታዩ ተነሥታችሁ ተከተሉ፤ ነገር ግን በእናንተና በታቦቱ መካከል ሁለት ሺህ ክንድ ያህል ርቀት ይኑር አሏቸው። ለምን? ከዚህ በፊት ሄደውበት በማያውቁት መንገድ ስለሚሄዱ አቅጣጫው እንዲታያቸው ነው። ልብ በሉ፤ «ይህን መንገድ አታውቁትም» ብሎ ራሱ እግዚአብሔር ነው የነገራቸው። አለማወቃቸው እንደ ኃጢአት አልተቆጠረባቸውም፤ መፍራታቸውም አልተነቀፈም። የተጠየቁት ዓይናቸውን ከታቦቱ ላይ እንዳያነሡ ብቻ ነበር።

አሁን የትምህርታችን ልብ ወደ ሆነው ነገር እንምጣ። ከአርባ ዓመት በፊት አባቶቻቸው ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ የሆነው ሌላ ነበር። በዘጸአት 14 እንደምናነበው ሙሴ በትሩን ዘረጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ፣ ባሕሩ ተከፈለ፤ ሕዝቡም የተከፈለውን አይቶ ገባ። መጀመሪያ አዩ፤ ከዚያ ተራመዱ። በዮርዳኖስ ግን ተገላበጠ። ሌሊት የነፈሰ ነፋስ የለም። ጠዋት ሲነሡ ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ውኃው የሚቆመው የካህናቱ እግር ሲነካው ነው ተባሉ። መጀመሪያ መራመድ፤ ከዚያ ማየት።

ወንድሜ ሆይ፣ ጌታን ባገኘህበት በመጀመሪያው ጊዜ ምናልባት ገና ሳትጠይቅ ብዙ ነገር ተከፍቶልህ ይሆናል። ጸለይክ፣ ወዲያው ሆነልህ። አሁን ደግሞ «ድሮ ይሰማኝ ነበር፤ ዛሬ ለምን ዝም አለኝ?» ትላለህ። ዝም ብሎህ ሳይሆን ክፍል አሳድጎህ ቢሆንስ? የአንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን ተይዞ ይጽፋል። አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ማንም እጁን አይይዝለትም። መምህሩ ትቶት ነውን? አይደለም።

ካህናቱም ሄዱ። ታቦቱ ከባድ ነው፤ መሎጊያው ትከሻ ላይ ነው፤ ደፍርሶ የሚወርደው ውኃ ጥልቀቱን አያሳይም። የመጀመሪያው ካህን እግሩን ሲያነሣ ውኃው እየፈሰሰ ነበር። እግሩ በአየር ላይ ሳለ ውኃው እየፈሰሰ ነበር። እግሩ ዳር ያለውን ውኃ ሲነካ ግን ከላይ የሚወርደው ቆመ።

የት ነው የቆመው? ምዕራፍ 3 ቁጥር 16ን ስናነብ ውኃው እጅግ ርቆ፣ በጸርታን አጠገብ ባለችው አዳም በምትባል ከተማ ዘንድ ተከማችቶ ቆመ ይላል። እነሱ ያሉት ከኢያሪኮ ፊት ለፊት ነው። አዳም ከዚያ ወደ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዓይናቸው የማያዩት ቦታ ማለት ነው። የእግዚአብሔር እጅ ሥራውን የሠራው እነሱ ባልቆሙበት፣ ባልጠበቁትም ስፍራ ነበር። እህቴ ሆይ፣ አንቺ የምታዪው ፊትሽ ያለውን ሙላት ነው። እሱ ግን ከላይ፣ ከምንጩ በኩል ሊሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ፣ «እሺ ፓስተር፣ ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ነው። በእኛስ አገር?» ይል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ወደ ወላይታ እንሂድ።

የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ወላይታ ሶዶ ገብተው መሥራት የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብዙ ደከሙ፤ ያመነው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ከዚያ ጣልያን አገራችንን ወረረ። በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። በዚያን ጊዜ ተጠምቀው የነበሩት አማኞች ቁጥር 48 እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነግረናል። አርባ ስምንት! ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች፣ በእጃቸው ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት። ያስተማሯቸው ሰዎች ሄደዋል። ከፊታቸው ያለው ደግሞ የወራሪ ጦር ነው። ሚስዮናውያኑ ራሳቸው «ይህች ትንሽ መብራት ትጠፋ ይሆን?» ብለው እያዘኑ ነው የሄዱት።

እነዚያ ሰዎች ምቹ ቦታቸው የት ነበር? ከሚስዮኑ ጊቢ አጠገብ ነበር። ጥያቄ ሲኖር የሚመልስ፣ በሽተኛ ሲኖር የሚያክም፣ ችግር ሲመጣ የሚቆምላቸው ሰው ያለበት። እግዚአብሔር ያንን ሁሉ ሲያነሣ መጨረሻቸው መሰለ። ግን ከመንደር መንደር ወጡ። የሚያውቁትን ጥቂቱን ቃል ለጎረቤት ነገሩ። እርስ በርሳቸው ተፋቀሩ፤ የታሰረውን ስንቅ እያቀበሉ ጠየቁ። ዋንዳሮ የሚባሉት መሪ ታስረዋል፤ በሰው ፊት ተገርፈዋል። ሌሎችም ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት 48 ሰው አልነበረም፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነበር። ከዚያም አልፎ የወላይታ ወንጌላውያን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ወባ ወዳለበት ቆላ፣ ወደ ሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ወንጌልን ይዘው ሄዱ። ዛሬ በዚያ አካባቢ እልፍ ምእመናን የሚያመልኩባቸው አጥቢያዎች የእነዚያ እግሮች ፍሬ ናቸው።

እነሱ እግራቸውን ሲያነሡ ግን 10,000ውን አላዩም። ያዩት እስር ቤቱንና ጅራፉን ነው። ውኃው የቆመው እነሱ በማያዩት በላይኛው በኩል ነበር።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። በዘመናችን «እምነት ነው» እየተባለ ሰው ገደል የሚገባበት ጊዜ አለ። «መኪናህን ሽጠህ ዘር ዝራ»፣ «መድኃኒትሽን ጣይ»፣ «ሥራህን ልቀቅ፣ ራእይ ታይቶኛል» የሚሉ ድምፆች አሉ። ወገኖቼ፣ ይህ ዮርዳኖስ አይደለም። በማቴዎስ 4 ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ማን ነበር? ሰይጣን ነው። ጥቅስም ጠቅሶ ነበር! ጌታ ግን እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ አልዘለለም። ያው ጌታ በኋላ ወደ መስቀል ሲጠራ ሄደ። መዝለልና መታዘዝ አንድ አይደሉም።

ታዲያ እንዴት እንለያለን? በኢያሱ ታሪክ ሕዝቡ ወደ ወንዙ የገባው ታቦቱ ቀድሞ ስለገባ ነው። በታቦቱ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ፣ «የእግዚአብሔር ቃል በግልጥ የሚለው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። በሐሰት አለመመስከር፣ የበደለህን ይቅር ማለት፣ ወላጅ አልባውን መጎብኘት፣ ስለ ጌታ አለማፈር፤ ለእነዚህ አዲስ ራእይ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ እርምጃው ማንን እንደሚያከብር አስተውል። አንዱ ሰባኪ የሚበለጽግበትና ቤተሰብህ የሚራብበት መንገድ ከሆነ ቆም በል። ሦስተኛ፣ ብቻህን አትወስን። ካህናቱ አንድ ላይ ነበር የተሸከሙት። በምታምናቸው፣ ጸሎተኞች በሆኑ፣ ከውሳኔህ ጥቅም በማይፈልጉ አማኞች ፊት ነገሩን አስቀምጠው።

ያቺን እህት በዚህ መዝኑልኝ። ያልገባ ሲሚንቶ ገባ ብሎ መፈረም ሐሰት ነው፤ ስርቆትም ነው። ቃሉ ግልጥ ነው። ስለዚህ ይህ የእሷ ዮርዳኖስ ነው።

«ብትባረርስ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ልትባረር ትችላለች። ይህን ደብቄ አልሰብክም። የዳንኤልን ጓደኞች አስታውሱ፤ በዳንኤል 3 አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖቱ አንሰግድም አሉ። እምነት «ምንም አይነካኝም» የሚል የኢንሹራንስ ወረቀት አይደለም። እምነት «ምንም ቢነካኝ ከእሱ እጅ አልወጣም» ማለት ነው።

ስለ እንጀራዋ ደግሞ ይህን አስቡ። እስራኤል አርባ ዓመት መና በሉ። ጠዋት ይነሣሉ፤ መናው ወርዶ ይጠብቃቸዋል። ዮርዳኖስን ተሻግረው፣ በኢያሪኮ ሜዳ ፋሲካን አድርገው የምድሪቱን እህል በበሉ ማግስት መናው ቀረ። ኢያሱ 5 ላይ አለ። የለመዱት ቀለብ ቀረ ማለት ነው! ግን ተራቡ? አልተራቡም። የሚመግበው ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ደመወዝሽ መናሽ ሊሆን ይችላል። መጋቢሽ ግን አይደለም።

አሁን ለቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል አለኝ። ካህናቱ ውኃው ሲከፈል ቀድመው ሮጠው አልተሻገሩም። ሕዝቡ ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ ታቦቱን እንደ ተሸከሙ በዮርዳኖስ መካከል ቆሙ። ሽማግሌው እስኪያልፍ፣ ነፍሰ ጡሯ እስክታልፍ፣ አንካሳው በግ እስኪያልፍ። ትከሻቸው አልደከመም ትላላችሁ? ዛሬ በመድረክ ላይ «አትፈርሙ! ጽኑ!» ብለን ሰብከን ሰኞ ማታ ስልካችንን ካጠፋን እኛ ካህናት አይደለንም። አንዲት እህት ስለ እውነት ሥራዋን ብታጣ የቤት ኪራዩ የእሷ ብቻ ጉዳይ ነው ወይስ የአጥቢያዋም ነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ደግሞ የአንድ አካል ብልቶች ነን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያች እህት ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። ሰኞ ጠዋት እጇ እየተንቀጠቀጠ በሞዴል 19 ላይ 140 ብላ ጽፋ ፈረመች። አለቃዋ ምንም አልተናገረም። በሳምንቱ ግን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ የመስክ ውሎ አበሏ ቀረ። አልተባረረችም፤ ሽልማትም አልመጣላትም። ያ ባልደረባዋ ለአንድ ወር ሰላም አላላትም። ነገሩን ለጸሎት ቡድኗ ስትነግር አንዲት እህት የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት ስለነበር «ውሰጂው፤ የእኔን በኋላ ትከፍይኛለሽ» ብላ የሦስት ወር ኪራይ ሸፈነችላት። የእናቷ መድኃኒት አልተቋረጠም። ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦ «ወንዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎልኛል አልልም። ገና መሐሉ ላይ ነኝ። ግን እግሬ የቆመበት ደረቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያ ያኮረፈኝ ልጅ መጥቶ፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት አልፈራሽም?" አለኝ። ፈርቼ ነበር አልኩት።»

ፈርቼ ነበር። እንዴት ያለ መልካም ምስክርነት ነው! እምነት ማለት አለመፍራት አይደለም። እየፈሩ እግርን ማንሣት ነው።

አንተስ ወዳጄ፣ ይህን ወረቀት እያነበብክ ያለኸው፣ ዮርዳኖስህ ምንድን ነው? ለዓመታት ያኮረፍከው ወንድምህ ደጅ ነውን? ዛሬ ሂድና በሩን አንኳኳ። ከአቅምህ በላይ የመሰለህ የእህትህ ልጅ ማሳደግ ነውን? አንቺስ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሆነሽ እምነትሽን በልብሽ ብቻ የያዝሽ እህቴ፣ የሌሊቱ ጸሎትሽ ይሰማል፤ ጌታ ከአንቺ ጋር ወደ ውኃው ይገባል። የሚጠይቅሽ የመጀመሪያዋን እርምጃ ነው፤ አሥረኛዋን አይደለም።

ክርስቶስን ገና ያልተቀበልክ ከሆንክም፣ ከሁሉ የሚበልጠው ወንዝ ሞት ነው። በራሱ ጉልበት የተሻገረው ሰው የለም። ጌታችን ኢየሱስ ግን ቀድሞ ገባበት። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እጅግ አዝና፣ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ፣ በመጨረሻ የአባቱን ፈቃድ መረጠ። ለእሱ ውኃው አልተከፈለም፤ ሙላቱ በላዩ ላይ አለፈ፤ የእኛን ኃጢአት ተሸክሞ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ግን ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ «ተከተለኝ» ሲል ከዳር ቆሞ አይደለም፤ ማዶ ደርሶ ነው።

እስራኤል ሲሻገሩ ካህናቱ ከቆሙበት ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋይ ተሸክመው በጌልገላ አቆሙ። ልጆች፣ «ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው ነው። ዳር ላይ የሚቀር ሰው ለልጁ የሚያሳየው ድንጋይ የለውም። ድንጋዩ ያለው መሐሉ ላይ ነው።

አብረን እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ የሞላውን ወንዝ እያየን የምናድር ልጆችህ ነን። መልሱን እያወቅን እግራችን የከበደን ነን። መፍራታችንን አንተ ታውቃለህ። ቃልህ በሄደበት እንድንሄድ ጉልበታችንን አጽና። ስለ እውነት የተገፉትን አስብ፤ እኛንም ከእነሱ ጋር በመሐል የምንቆም አድርገን። አንተን ገና ያላወቀውን ይህን አንባቢ በልጅህ በኢየሱስ አድነው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህን ጸሎት ከልብህ ጸልየህ ከሆነ በአቅራቢያህ ወዳለች ወንጌላዊት አጥቢያ ሂድና ለመጋቢው ንገር። ይህችን ወረቀትም አንብበህ ስትጨርስ አትጣላት፤ ወንዝ ዳር ለቆመ ለሌላ ሰው ስጥ። ጌታ ይባርካችሁ።